ስለ ታሪክ ፊልሞችና ስለ ሰው ስም



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ከ1980 እስከ 1989 ባሉት ዓመታት ተሠርተው በብዙ አገር ሕዝብ ዘንድ ስለ ተወደዱ ፊልሞች ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ። እነዚህ ፊልሞች ከተሠሩ አርባ ዓመት ያህል ሆኗቸዋል። በዚያን ጊዜ አዲስ ፊልም ለማየት የፈለገ ሰው ወደ ሲኒማ ቤት ሄዶ፥ ትኬት ቈርጦ፥ በጨለማ አዳራሽ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋራ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን ያው ፊልም በቤታችን ቴሌቪዥን፥ አልፎም በእጃችን በያዝነው ስልክ ላይ በፈለግነው ሰዓት ይታያል። ስለዚህም አባትና እናት በወጣትነታቸው የወደዱትን ፊልም ለልጆቻቸው ማሳየት ልማድ ሆኗል። ነገሩ መልካም ነው። የቈየ ፊልም እንደ ቈየ ወዳጅ ስለ ሆነ መልሰው ሲያገኙት ደስ ያሰኛል።

ሆኖም ከነዚህ ፊልሞች መካከል፥ ደግመን በተመለከትናቸው ጊዜ ከደስታው ጋራ አንድ ግዴታ የሚያመጡብን አሉ። እነርሱም በእውነት ተወልደው፥ ኖረው፥ ሞተው ስላለፉ ሰዎች የሚናገሩት ናቸው። በ1982 የታየው «ኢ.ቲ.» ከሌላ ዓለም ስለ መጣ ፍጡር ይተርካል፤ በ1985 የታየው «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ደግሞ በመኪና ተሳፍሮ ወዳለፈው ዘመን ስለ ተመለሰ ወጣት ይተርካል። እንደነዚህ ያሉት ሥራዎች ማንንም አይበድሉም፤ ስሙ የሚነሣበትና የሚቀየምበት ሰው የለምና። እውነተኛ ሰው በእውነተኛ ስሙ በፊልም ላይ ሲቀርብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ሰው ከመቃብር ተነሥቶ «ይህን አድርጌአለሁ፥ ያን ግን አላደረግሁም» ሊል አይችልም። የእርሱ ጠበቃ ተመልካቹ ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር ማስረጃ ይሆኑን ዘንድ ሦስት ፊልሞችን መርጫለሁ። ሦስቱም በተወዳደሩባቸው ዓመታት የምርጥ ፊልም ኦስካር ሽልማት ያገኙ፥ እኔም እስከ ዛሬ የምወድዳቸው ናቸው። የምናገረውም ሰዎች እንዲጠሏቸው ብዬ አይደለም።

የመጀመሪያው በ1981 የወጣው «ቻርየትስ ኦፍ ፋየር» ነው፤ ትርጓሜውም «የእሳት ሠረገሎች» ማለት ነው። ነጭ የለበሱ ወጣቶች በባሕር ዳር ውሀውን እየረገጡ ሲሮጡ የሚታዩበትን ትርኢት፥ ከእርሱም ጋራ የሚሰማውን የግሪካዊውን የቫንጌሊስን ሙዚቃ ያላወቀ ጥቂት ነው። ታሪኩ በ1924 በፓሪስ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ስለ ተሳተፉ ሁለት የብሪታንያ ሯጮች ነው። አንደኛው የአይሁድ ወገን የሆነው ሃሮልድ አብርሃምስ፥ ሁለተኛው ከሚሲዮናውያን ቤተ ሰብ በቻይና የተወለደው ስኮትላንዳዊው ኤሪክ ሊድል ናቸው። ሊድል ዕለተ ሰንበትን አክባሪ ስለ ነበረ፥ የመቶ ሜትር ማጣሪያው በእሑድ ቀን መዋሉን ባወቀ ጊዜ አልሮጥም አለ።

ፊልሙ እንደሚያሳየን ሊድል ይህን የሰማው ወደ ፈረንሳይ ሊሻገር መርከብ በሚሳፈርበት ሰዓት ነው። ከዚያም በኋላ መኳንንት ከበው ሲያግባቡት፥ እርሱም በአሳቡ ሲጸና፥ በመጨረሻ አንድ ባልንጀራው የአራት መቶ ሜትር ቦታውን ሲለቅለት እናያለን። ይህን ስናይ ልባችን ይመታል። እውነተኛው ነገር ግን እንዲህ አልነበረም። የውድድሩ ሰሌዳ ከብዙ ወራት በፊት ታውቆ ነበር። ሊድልም አሳቡን አስቀድሞ ቈርጦ፥ ለአራት መቶ ሜትር እየተለማመደ ወደ ፓሪስ ሄደ። በውድድሩም ቀን በ47.6 ሰከንድ ሮጦ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ፤ ያንጊዜም የዓለም ክብረ ወሰን ሆነለት።

ፊልሙ ያደረገው እንግዲህ ጊዜን ማሳጠር ነው። ብዙ ወራት የፈጀውን ነገር በአንዲት መርከብና በአንድ ምሽት ጠቅልሎ አቀረበው። በዚህ ማንም ሰው አልተሰደበም፤ ሊድልም አልተዋረደም። ነገር ግን ከሰውየው ጠባይ አንድ ትልቅ ነገር ጐደለ። በድንገት ተገፍቶ «እምቢ» ማለት የወኔ ሥራ ነው፤ ዋጋውን ከብዙ ወራት በፊት አስልቶ፥ የሚወድደውን ውድድር ትቶ፥ ማንም ሳያጨበጭብለት በየማለዳው ሌላ ርቀት መለማመድ ግን የጽናት ሥራ ነው። ለእኔ እውነተኛው ሊድል ከፊልሙ ሊድል ይበልጥብኛል። ይህም ሰው ኋላ ወደ ቻይና ተመልሶ በሚሲዮናዊነት ሲያገለግል ኖሮ፥ በ1945 በጃፓኖች የእስር ሰፈር ውስጥ በ43 ዓመቱ ሞተ።

ሁለተኛው በ1982 የታየው «ጋንዲ» ነው። ዲሬክተሩ ሪቻርድ አተንቦሮ ይህን ፊልም ለመሥራት ሃያ ዓመት ያህል ደክሟል። ቤን ኪንግስሊም ማህተማ ጋንዲን መስሎ የተጫወተው እጅግ በሚያስደንቅ አኳኋን ነው። ለቀብሩ ትርኢት በኒው ዴልሂ የተሰበሰበው ሕዝብ 300,000 ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። ፊልሙም ስምንት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ጋንዲ በ1893 በደቡብ አፍሪካ በቆዳው ቀለም ምክንያት ከባቡር ሲወረወር ያየ ሰው፥ ያን ትርኢት ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

በዚህ ፊልም ላይ የማነሣው ቅሬታ በውስጡ ስላለው ሳይሆን በውስጡ ስለሌለው ነገር ነው። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሲሆን፥ ዶክተር ቢምራኦ አምቤድካር የተባለው ሰው በአንዲት ትርኢት እንኳ አይታይበትም። አምቤድካር በሕንድ አገር «አይነኬ» እየተባሉ ከውሀ ጕድጓድና ከመቅደስ ይከለከሉ ከነበሩት ወገኖች ተወልዶ፥ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ከፍተኛ ትምህርት ተምሮ፥ ለነዚያ ወገኖች መብት የተሟገተ ሰው ነው። በ1932 ወገኖቹ የራሳቸውን እንደራሴዎች ለብቻቸው እንዲመርጡ ሲጠይቅ፥ ጋንዲ ነገሩ የሂንዱን ማኅበር ይከፍላል ብሎ በእስር ቤት ሳለ እህል አልቀምስም አለ። የጋንዲ ሕይወት በአደጋ ላይ ስለ ወደቀ አምቤድካር ጥያቄውን ትቶ በሌላ ስምምነት ላይ ፈረመ፤ ነገር ግን ኋላ በዚህ ነገር አጥብቆ አዝኗል። ከነጻነትም በኋላ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ይኸው አምቤድካር ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ከፊልሙ ሲቀር ምን ይሆናል? ተመልካቹ የጋንዲ ተቃዋሚዎች እንግሊዞችና አክራሪዎች ብቻ የነበሩ ይመስለዋል። ከራሱ ከሕንድ ሕዝብ መካከል፥ እጅግ ከተጨቈኑት ወገን፥ ተምሮና አስቦ በቅን ልብ ጋንዲን የተከራከረ ሰው መኖሩን ሳያውቅ ይወጣል። አንድን ትልቅ ሰው በእውነት ማክበር፥ ከብርቱ ተከራካሪው ጋራ አብሮ ማየት ነው እንጂ ተከራካሪውን ከመድረክ ማውረድ አይደለም። የሰውን ሕይወት ሁሉ በሦስት ሰዓት መንገር እንደማይቻል እኔም አውቃለሁ፤ ሆኖም የተተወው ሰው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ የተመልካች ፋንታ ነው።

ሦስተኛው፥ ለዚህም ንግግር ዋና ምክንያት የሆነኝ፥ በ1984 የታየው «አማዴዎስ» ነው። የፒተር ሻፈር የ1979 ቴአትር ነበረና ሚሎሽ ፎርማን ወደ ፊልም አዛወረው። አብዛኛው ትርኢት የተነሣው በፕራግ ከተማ ነው። ይህም ፊልም ስምንት የኦስካር ሽልማት ሲያገኝ፥ ከነርሱ አንዱ አንቶኒዮ ሳልዬሪን ሆኖ ለተጫወተው ለኤፍ. ማሪ ኤብራሃም ተሰጠ።

የፊልሙ ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው። ሳልዬሪ በቪየና የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት የሙዚቃ ሹም ነው። በወጣትነቱ ድንግልናዬን ጠብቄ በትጋት አገለግልሃለሁ፥ አንተም የሙዚቃን ጸጋ ስጠኝ ብሎ ለእግዚአብሔር ተስሏል። ሞዛርት የተባለው ወጣት ግን ስድ፥ ሣቂ፥ ገንዘብ አባካኝ ሆኖ ሳለ ጸጋው ሁሉ ለእርሱ ፈሰሰለት። ሳልዬሪ በምቀኝነት ነደደ። ፊቱን ሸፍኖ መልእክተኛ በመምሰል የሙታን ጸሎት ሙዚቃ እንዲጽፍ ሞዛርትን አዘዘው፤ በሥራና በፍርሃትም አድክሞ ለሞት አበቃው። አርጅቶም በእብዶች ቤት ሆኖ ኀጢአቱን ለአንድ ቄስ ይናዘዛል።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ይህን ፊልም አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፈው አይመስለኝም። በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ እየወጣ፥ ሥራውን በደንብ እየሠራ የኖረ ሰው፥ ትናንት የመጣ ወጣት በአንድ ቀን ሲበልጠው የሚሰማውን መራራ ነገር ይህን ያህል አጥርቶ ያሳየ ፊልም አላየሁም። «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚለው የአገራችን ጸሎት ምቀኛን ከተመቀኘው ሰው ወገን ሆኖ ያየዋል፤ ፊልሙ ግን በራሱ በምቀኛው ልብ ውስጥ አስገብቶ ያስቀምጠናል። በዚህ ረገድ ፊልሙ እውነት ይናገራል። እኔም መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ታሪኩን በሙሉ አምኜ፥ «ሞዛርትን ያጠፋው ሳልዬሪ ነው» እያልሁ ለብዙ ዓመት ሳወራ መኖሬን ዛሬ ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

አሁን ደግሞ መዝገቡን እንመልከት። ሳልዬሪ በ1750 በኢጣልያ አገር ተወለደ፤ በልጅነቱም ወደ ቪየና መጣ። ድንግልናውን የተሳለ መነኵሴ አልነበረም፤ ሚስት አግብቶ ስምንት ልጆች ወልዷል። መካከለኛ ችሎታ ያለው ሰው ነው እንዳንል ቤቶቨን፥ ሹበርትና ሊስት ከእርሱ ዘንድ ተምረዋል። ለሙታን ጸሎት የሚሆነውን ሙዚቃ በስውር ያዘዘው ሳልዬሪ ሳይሆን ቫልዜግ የሚባል ባላባት ነበር፤ ያዘዘውም ለሞተች ሚስቱ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ሞዛርት ሳይጨርሰው ስለ ሞተ ሥራውን የፈጸመው ዙስማየር የተባለ የሞዛርት ባልደረባ ነው። በፊልሙ ሳልዬሪ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ የሞዛርትን ቃል ሲጽፍ የሚያድርበት ሌሊት ከቶ አልነበረም።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ሞዛርት በዲሴምበር 5 ቀን 1791 በ35 ዓመቱ ከመሞቱ ሁለት ወር እንኳ በማይሞላ ጊዜ በፊት፥ «አስማተኛው ዋሽንት» የተባለውን ኦፔራውን እንዲያይ ሳልዬሪን በሠረገላ ሄዶ አመጣው። በኦክቶበር 14 ቀን ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤም፥ ሳልዬሪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጥሞና እንዳዳመጠና ሥራውን ሁሉ እንዳመሰገነ በደስታ ይነግራታል። ባሏ ከሞተም በኋላ የሞዛርት ሚስት ኮንስታንሴ የመጨረሻ ልጇን ሙዚቃ እንዲማር ወደ ሳልዬሪ ላከችው። አንዲት እናት ልጇን ለባሏ ገዳይ አሳልፋ ትሰጣለችን? ይህ አንድ ማስረጃ ብቻውን ለዳኛ የሚበቃ ይመስለኛል።

በመዝገቡ ውስጥ ለሳልዬሪ የማይመች ቃልም መኖሩን መሸሸግ አይገባኝም። ሞዛርትና አባቱ በደብዳቤአቸው ሳልዬሪና ወገኖቹ እንቅፋት ሆኑብን እያሉ አንዳንድ ጊዜ ያማርሩ ነበር። በአንድ ቤተ መንግሥት ለአንድ ሹመት በሚሻሙ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ነገር መኖሩ አያስደንቅም። ነገር ግን ለሹመት መሻማት ሌላ፥ ነፍስ ማጥፋት ሌላ ነው።

ታዲያ ይህ ክስ ከየት መጣ? ሳልዬሪ ካረጀና አእምሮው ከታወከ በኋላ «ሞዛርትን መርዤዋለሁ ብሎ ተናዘዘ» የሚል ወሬ በቪየና ተነዛ። በ1823 ሞሼሌስ የተባለ የሙዚቃ ሰው በሐኪም ቤት ሄዶ በጐበኘው ጊዜ፥ ሽማግሌው ራሱ ወሬው ሐሰት መሆኑን አረጋገጠለት። በ1825ም ሞተ። ወሬው ግን አብሮት አልሞተም። ፑሽኪን በ1830 አጭር የቴአትር ድርሰት ጻፈበት፤ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ያንን ድርሰት ኦፔራ አደረገው፤ ከዚያም ሻፈር ቴአትር፥ ፎርማንም ፊልም አደረጉት። አንድ የመንገድ ወሬ በጥበበኞች እጅ ላይ እየተቀባበለ በተጓዘ ቍጥር እየተዋበ ሄደ፤ በተዋበም ቍጥር እየታመነ መጣ።

አንዳንድ አድማጭ «ጥበበኛ እንደ ፈቀደው ሊፈጥር ነጻነት የለውምን?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አዎን፥ አለው። ሻፈርም ታሪክ ጻፍሁ ብሎ አላታለለንም፤ ፊልሙም ራሱ ነገሩን ሁሉ የሚያሰማን በእብዶች ቤት ካለ የአንድ ሽማግሌ አፍ ነው። ልባም ተመልካች ይህ ሽማግሌ እውነት ይናገር ይሆን ብሎ እንዲጠራጠር በሩ ተከፍቶለታል። ጥፋቱ እንግዲህ ይልቁን የእኛ ነው። ልብ ወለዱን እንደ ልብ ወለድ ተቀብለን፥ እውነቱን ደግሞ ከመዝገብ መፈለግ ሲገባን፥ ከሲኒማ ቤት ወጥተን ታሪክ ያወቅን መሰለን።

ነገሩም የተፈጸመው በሚያስገርም ሁኔታ ነው። ሳልዬሪን የከሰሰው ይኸው ፊልም ተረስቶ የነበረውን ስሙን መልሶ አስነሣው። ሰዎች «ይህ ሰው በእውነት ማን ነበር?» ብለው ሥራዎቹን ከየቤተ መጻሕፍቱ ማውጣት ጀመሩ። በ2003 ዘፋኝዋ ቼቺሊያ ባርቶሊ የእርሱን ዜማዎች ብቻ የያዘ ሸክላ አወጣች። በ2004 የሚላኖው ላ ስካላ ቴአትር ታድሶ ሲከፈት የቀረበው በ1778 ቴአትሩ ሲመረቅ የታየው የሳልዬሪ ኦፔራ ነበር። በ2016 ደግሞ ሞዛርትና ሳልዬሪ በ1785 ከሌላ አንድ ሰው ጋራ ተባብረው የደረሱት፥ አንዲት ዘፋኝ ከሕመም በመዳኗ የተጻፈ አጭር መዝሙር በሙዚየም ውስጥ መገኘቱ ተገለጠ። የተገኘውም ፊልሙ በተሠራባት በፕራግ ከተማ ነው። ጠላት ናቸው የተባሉት ሁለት ሰዎች ስም በአንድ ወረቀት ላይ ታትሞ ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው ነው።

አድማጮቼ፥ ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል የምትይዙ፥ ደብዳቤ የምትጽፉ፥ ስለ ሰው አስተያየት የምትሰጡ ናችሁ። አንድ ባልደረባ በሌለበት «እገሌ እኮ እንዲህ አድርጎ ነው» ሲባል የምንሰማው ወሬ፥ ጥሩ ተናጋሪ ካገኘ ከሳልዬሪ ወሬ የሚለይ አይደለም። ሳልዬሪን በመጨረሻ ያዳነው ደግ ጠበቃ ሳይሆን የተጠበቀ ደብዳቤና ያልተጣለ ወረቀት ነው። በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ ለማናውቀው ሰው፥ በማናውቀው ዘመን ምስክር ይሆናል። ይህንንም ሥራ ከንቱ አድርጋችሁ አትዩት።

እንግዲህ ከልጆቻችሁ ጋራ ተቀምጣችሁ እነዚህን ፊልሞች ስትመለከቱ ደስ ይበላችሁ፤ ሙዚቃውንም፥ ትርኢቱንም አድንቁ። ሲያልቅ ግን ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ ሦስት ነገር ጠይቋቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያጠረው ጊዜ የትኛው ይሆን? ሊኖር ሲገባው ያልታየው ሰው ማን ነው? ተከሶ ሳለ መልስ ለመስጠት ተራ ያልደረሰው ማን ነው? መልሱንም ከመጽሐፍ አብራችሁ ፈልጉ። በዚህ ልማድ ያደገ ልጅ ነገ በባልደረባው ላይ፥ በጎረቤቱም ላይ ቸኩሎ አይፈርድም።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብለዋል። ከመቃብር በላይ የዋለውን ስም የሚጠብቁትም፥ የሚያቈሽሹትም በሕይወት ያሉት ናቸው። እኔም ስለ ሳልዬሪ ለብዙ ዓመት ያወራሁትን ሐሰት ዛሬ በዚህ ንግግር መልሼአለሁ።